የአንገት እብጠት የታይመስ ሕመም ምልክት ነውን? ምክንያቱ ያልታወቀ እብጠት ያጋጠመው ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በአንገት ላይ የሚወጣ እብጠት ተገልጋዮችን ወደ ጤና ተቋማት ከሚያመጡ የተለመዱ ምክንያቶች አንዱ ነው። ጉንፋን ሳይኖር፣ ጥርስ ሳይታመም፣ ቁስልም ሳይታይ አንገት ሲያብጥና እብጠቱ ሳይጠፋ ሲቆይ ባለቤቱን ማሳሰቡ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ እብጠቱ ታይመስ በመባል ከሚታወቀውና በደረት ውስጥ ከሚገኘው ዕጢ የመነጨ ይሆን የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በመመለስ፣ ለአንገት እብጠት መንስኤ የሚሆኑ ሕመሞችን በመዘርዘርና ምርመራ የሚገኝበትን መንገድ በማሳወቅ ኅብረተሰቡን ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

አጭሩ መልስ የሚከተለው ነው። የታይመስ ሕመም በአንገት እብጠት የሚገለጠው ከስንት አንዴ ሲሆን፣ አብዛኛው የአንገት እብጠት ከታይሮይድ ዕጢ ወይም በተለምዶ ንፍፊት ከሚባሉት የሊምፍ ዕጢዎች የሚነሣ ነው። ሆኖም የታይመስ ሕመም አለመሆኑ ብቻውን እብጠቱን ችላ ለማለት ምክንያት አይሆንም። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየና ምክንያቱ ያልታወቀ ማንኛውም የአንገት እብጠት በጤና ባለሙያ መታየት አለበት።

ስለ ቃሉ አንድ ማብራሪያ

በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይገልጻል። በአንድ በኩል እንደ ታይሮይድ፣ ታይመስና የምራቅ ዕጢ ያሉትን፣ ማንኛውም ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ያሉትን ጤናማ የአካል ክፍሎች ያመለክታል። በሌላ በኩል ደግሞ ከተፈጥሮ ውጭ የበቀለን እድገት፣ አንዳንድ ጊዜም ካንሰርን ለማመልከት ይውላል። በዚህም ምክንያት «የታይመስ ዕጢ ይታያል» የሚል የምርመራ ውጤት ያነበበ ሰው ካንሰር እንደተገኘበት አድርጎ ሊረዳው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዕጢ ስንል የተፈጥሮውን አካል ማለታችን ነው፤ ያልተገባውን እድገት «እባጭ» ወይም «ካንሰር» በማለት ለይተን እንገልጻለን። ተገልጋዮችም ባለሙያው ዕጢ ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ የመጠየቅ መብት አላቸው።

ታይመስ ምንድን ነው?

ታይመስ በላይኛው የደረት ክፍል፣ ከደረት አጥንት ወይም ከፍርምባ ጀርባ፣ ከልብና ከታላላቅ የደም ሥሮች ፊት ለፊት የሚገኝ፣ ሁለት ክንፍ ያለው ለስላሳ አካል ነው። የላይኛው ጫፉ አንዳንድ ጊዜ እስከ አንገት ግርጌ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ለስላሳ በመሆኑና አጥንት ስለሚሸፍነው ጤናማ ታይመስ በእጅ ተዳስሶ አይገኝም።

የታይመስ ሥራ ሰውነት በሽታን የሚከላከልባቸውን አንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳት ማብሰል ነው። እነዚህ ሕዋሳት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ተፈጥረው ወደ ታይመስ ይሄዳሉ፤ በዚያም የራስን አካል ከባዕድ ነገር መለየት ይማራሉ። «ቲ ሕዋስ» የሚለው ስያሜያቸው የተወሰደው ከዚሁ አካል ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ዣክ ሚለር የተባሉት ተመራማሪ ይህን ጥቅሙን እስኪያሳዩ ድረስ ታይመስ ብዙም ጥቅም የሌለው አካል ተደርጎ ይታይ ነበር።

የታይመስ መጠን ከዕድሜ ጋር ይለወጣል። ከሰውነት መጠን ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ሆኖ የሚገኘው በሕፃንነት ነው። እስከ ጉርምስና ድረስ ካደገ በኋላ ቀስ በቀስ እየቀነሰ በስብ ይተካል። ስለዚህ በሕፃን የደረት ራጅ ላይ ታይመስ ጎልቶ ቢታይ የሚጠበቅ ነው። በ50 ዓመት ሰው ላይ ግን ተመሳሳይ ነገር ቢታይ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ይህን አለመለየት ያስከተለውን ጉዳት የሕክምና ታሪክ መዝግቦታል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአሜሪካና በአውሮፓ የሕፃናት ታይመስ መተለቅ እንደ በሽታ ተቆጥሮ፣ ጤናማ ሕፃናት ታይመሳቸው እንዲቀንስ በሚል የጨረር ሕክምና ተሰጥቷቸው ነበር። ከእነዚህ ሕፃናት መካከል ከዓመታት በኋላ የታይሮይድ ካንሰር በብዛት መታየቱ ሲረጋገጥ አሠራሩ ቀርቷል። በሽታ መኖሩ ሳይረጋገጥ የሚሰጥ ሕክምና ራሱ ጉዳት እንደሚያስከትል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የታይመስ ሕመም በምን ይገለጣል?

በታይመስ ላይ የሚወጣ፣ ታይሞማ የሚባል እባጭ አለ። ይህ ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ሲሆን በአብዛኛው በጎልማሶች ላይ ይታያል። ብዙዎቹ ታማሚዎች ምንም ምልክት የላቸውም፤ እባጩ የሚገኘው ለሌላ ጉዳይ በተነሣ የደረት ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ነው።

ታይሞማ በስፋት ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ በዓይን ላይ የሚታይ ነው። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ መድከም ሕመም ከታይመስ ጋር የቅርብ ግንኙነት አለው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው የዓይኑ ቆብ በተለይ ወደ ምሽት ይወድቅበታል፤ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል፤ ምግብ ሲያላምጥ መንጋጋው ይደክማል፤ ብዙ ሲናገር ድምፁ ይዳከማል፤ ካረፈ በኋላ ግን ሻል ይለዋል። ማያስቴኒያ ግራቪስ ካለባቸው 100 ሰዎች ውስጥ ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ታይሞማ ይገኛል። ስለዚህ የታይመስ ጉዳይ የሚያሳስበው ሰው አንገቱን ብቻ ሳይሆን ዓይኑንና የጡንቻዎቹን ብርታት ጭምር ማስተዋል ይገባዋል።

ታይመስ ከአንገት እብጠት ጋር የሚገናኝባቸው ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው።

የመጀመሪያው በሕፃናትና በልጆች ላይ የሚታየው ነው። ታይመስ በጽንስ ጊዜ ከአንገት ተነሥቶ ወደ ደረት ይወርዳል። አልፎ አልፎ የተወሰነ ክፍሉ በመንገድ ላይ ይቀርና በአንገት ጎን፣ ብዙ ጊዜም በግራ በኩል፣ ለስላሳ እብጠት ወይም ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው በደረት ውስጥ ያደገ እባጭ ደምን ከጭንቅላትና ከክንድ ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ሲጫን ነው። በዚህ ጊዜ የሚያብጠው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ፊት፣ አንገትና ክንድ በአንድነት ያብጣሉ፤ የአንገትና የደረት የደም ሥሮች ይገተራሉ፤ ሰውየው ሲያጎነብስ ወይም ሲተኛ ይብስበታል። ለዚህ ችግር የሳንባ ካንሰርና የሊምፍ ካንሰር ከታይሞማ በላይ የተለመዱ መንስኤዎች ናቸው።

ሦስተኛው ሊምፎማ የሚባለው የሊምፍ ካንሰር ነው። ይህ ካንሰር በታይመስ አካባቢና በአንገት ግርጌ ባሉ የሊምፍ ዕጢዎች ላይ በአንድ ጊዜ ሊከሠት ይችላል። በልጆችና በወጣቶች ላይም ስለሚታይ ዕድሜ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

በአገራችን የተለመዱ የአንገት እብጠት መንስኤዎች

እንቅርት፦ እንቅርት በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች የሚገኘው የታይሮይድ ዕጢ እብጠት ነው። መለያው ምራቅ ወይም ውኃ ሲዋጥ አብሮ ወደ ላይ መንቀሳቀሱ ነው። የአዮዲን እጥረት ዋነኛ መንስኤው በመሆኑ የምግብ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። በቤት ውስጥ አዮዲን ያለውን ጨው በተከደነ ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቆ ማስቀመጥ፣ በወጥ ላይም መጨረሻ ገደማ መጨመር አዮዲኑ እንዳይባክን ይረዳል። ይሁንና ሁሉም እንቅርት በአዮዲን እጥረት የሚመጣ አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ ከሚገባው በላይ ሆርሞን ሲያመነጭ የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ ማብዛትና እየተበላ መክሳት ይከሠታል። እንቅርት ወደ ታች አድጎ ከደረት አጥንት ጀርባ ሲገባ ደግሞ በራጅ ላይ የታይመስ እባጭ ሊመስል ይችላል።

ንፍፊት፦ የሊምፍ ዕጢዎች በመንጋጋ ሥር፣ ከጆሮ ኋላ፣ በአንገት ጎንና በማጅራት፣ እንዲሁም በብብትና በብሽሽት የሚገኙ፣ ተህዋስያንን የሚያጠምዱ ትናንሽ አካላት ናቸው። ጉሮሮ፣ ጥርስ፣ ጆሮ ወይም የራስ ቆዳ ሲመረቅዝ በአቅራቢያቸው ያሉት ያብጣሉ። በዚህ መንገድ የመጣ ንፍፊት ብዙውን ጊዜ ሲነካ ያምማል፤ መንስኤው ሲድን ደግሞ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ጤናማ ልጆች ላይ ከ1 ሴንቲሜትር ያነሱ፣ ለስላሳና ተንቀሳቃሽ ንፍፊቶች መዳሰሳቸው የተለመደ ነው።

የዕጢ ቲቢ፦ ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚያጠቃ አይደለም፤ ከሳንባ ውጭ ከሚያጠቃቸው ቦታዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት የአንገት ሊምፍ ዕጢዎች ናቸው። እብጠቱ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ መጀመሪያ ላይ ብዙም አያምም፤ ብዙ ንፍፊቶች እርስ በርስ ሊጣበቁ፣ ሲቆዩም ለስልሰው ቆዳን በመቅደድ ፈሳሽ ሊያወጡ ይችላሉ። ሳል ስለሌለ ብቻ ቲቢ አይደለም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የዕጢ ቲቢ ይድናል፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር የሚወስድ ሲሆን በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። በሕክምናው ወቅት እብጠቱ ለጊዜው ሊጨምር ስለሚችል ታካሚው መድኃኒቱን ከማቋረጥ ይልቅ ለባለሙያ ማሳወቅ አለበት። የላም ወተት አፍልቶ መጠጣትም ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፈውን የቲቢ ዓይነት ለመከላከል ይረዳል።

ካንሰር፦ ከሊምፎማ ሌላ የታይሮይድ፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር በአንገት እብጠት ሊታወቁ ይችላሉ። ከአንገት በታች ወደ ትከሻ ከሚሄደው አግድም አጥንት በላይ የሚወጣ እብጠት ደግሞ ከደረት ወይም ከሆድ ዕቃ የተሠራጨ ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል በማንኛውም ዕድሜ በፍጥነት መመርመር አለበት።

ሌሎች መንስኤዎች፦ ኤች አይ ቪ፣ ጆሮ ደግፍ፣ የምራቅ ዕጢ መመረዝ ወይም በጠጠር መዘጋት፣ ከቆዳ ሥር የሚጠራቀም ስብ እና አብረው የሚወለዱ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶችም የአንገት እብጠት ያስከትላሉ።

እብጠቱን እንዴት እናስተውል?

«ታይመስ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ በቤት ውስጥ ሊመለስ አይችልም። በቤት ውስጥ ሊመለሱ የሚችሉና ለባለሙያው ትልቅ እገዛ የሚሰጡ ሌሎች ጥያቄዎች ግን አሉ።

- እብጠቱ መቼ ታየ? እየጨመረ ነው፣ እየቀነሰ ወይስ ባለበት ነው?
- የት ቦታ ነው? በፊት ለፊት፣ በጎን፣ በመንጋጋ ሥር ወይስ በአንገት ግርጌ?
- ሲውጡ ይንቀሳቀሳል?
- ሲነካ ያምማል? ለስላሳ ነው ወይስ እንደ ድንጋይ የጠጠረ? በጣት ሲገፋ ይንቀሳቀሳል?
- ትኩሳት፣ ልብስ የሚያርስ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ወይም የቆየ ሳል አለ?
- የድምፅ መጎርነን ወይም የመዋጥ ችግር አለ?
- በብብት ወይም በብሽሽት ተመሳሳይ እብጠት አለ?
- በቤት ውስጥ ወይም በሥራ ቦታ ቲቢ የታመመ ሰው ነበር?
- እብጠቱ ከታየ ወዲህ የተወሰደ መድኃኒት አለ?

ለማስረዳት ያህል ሦስት ሁኔታዎችን እንመልከት። ጉሮሮውን የታመመ የ9 ዓመት ልጅ በመንጋጋው ሥር የሚያምም ንፍፊት ቢወጣበትና በ10 ቀን ውስጥ ቢቀንስ፣ ይህ የሰውነት የመከላከል ሥራ ነው፤ እስኪጠፋ ድረስ መከታተል ይበቃል። የ24 ዓመት ወጣት በአንገቷ ግርጌ የማያምሙ እብጠቶች ለአንድ ወር ቢቆዩ፣ ደረቅ ሳልና የሌሊት ላብም ቢኖራት፣ ቲቢ ወይም ሊምፎማ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ሳይዘገይ መደረግ አለበት። የ45 ዓመት ጎልማሳ አንገቱ ላይ ምንም እብጠት ሳይኖር የዓይኑ ቆብ በየምሽቱ ቢወድቅና ሲያላምጥ ቢደክመው ግን፣ የታይመስ ምርመራ የሚያስፈልገው ከሦስቱ ይበልጥ ለእርሱ ሊሆን ይችላል። ቦታው፣ ጊዜውና አብረው የሚታዩት ምልክቶች ተደምረው እንጂ እብጠቱ ብቻውን ሕመሙን አይናገርም።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት አንዱ እንኳ ከታየ የ2 ሳምንቱን ጊዜ መጠበቅ አይገባም። የሪፈራል ወረቀት ሳያስፈልግ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል መሄድ ይገባል።

- የመተንፈስ ችግር፣ በተለይ ሲተኙ የሚብስ፣ ወይም ሲተነፍሱ የሚሰማ የማፏጨት ድምፅ
- ፊት፣ አንገትና ክንድ በአንድነት ማበጥ፣ የደም ሥሮች መገተር
- ምራቅን እንኳ መዋጥ አለመቻል
- በሰዓታት ውስጥ የሚጨምር እብጠት፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም አፍን መክፈት አለመቻል
- የዓይን ቆብ መውደቅ ወይም የጡንቻ መድከም ያለበት ሰው የመተንፈስ ወይም የመዋጥ ችግር ሲጀምረው

አምቡላንስ ለሚያስፈልጋቸው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 ይገኛል።

በጤና ተቋም የሚደረግ ምርመራ

የመጀመሪያው ምርመራ በጤና ጣቢያ ይከናወናል። ባለሙያው የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል፤ አንገትን፣ አፍንና ጉሮሮን፣ ጆሮን፣ ብብትንና ሆድን ይመረምራል። እንደ ሁኔታው የደም፣ የኤች አይ ቪና የአክታ ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል።

መንስኤው በዚህ ደረጃ ካልታወቀ ታካሚው ወደ ሆስፒታል ይላካል። በዚያ የአንገት አልትራሳውንድና የደረት ራጅ ሊደረግ፣ ከእብጠቱም በቀጭን መርፌ ናሙና ሊወሰድ ይችላል። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ቲቢ ከተጠረጠረም ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያ ይመረመራል። በመርፌ የተወሰደው በቂ ካልሆነ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ተጨማሪ ናሙና ይወሰዳል። የደረትን ውስጥ፣ ታይመስን ጨምሮ፣ በግልጽ ለማየት የሚያስፈልገው ግን ሲቲ ስካን ነው። ይህ ምርመራ ጨረር ያለውና ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ የሚታዘዘው አንገት ስላበጠ ብቻ ሳይሆን ወደ ደረት የሚያመለክት ምልክት ሲኖር ነው።

በኅብረተሰቡ ዘንድ «እብጠት መርፌ ወይም ብረት ከነካው ወደ ካንሰር ይለወጣል» የሚል አመለካከት ይሰማል። ይህ ትክክል አይደለም። በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ ካንሰር ያልሆነን እብጠት ካንሰር አያደርገውም። ከናሙና በኋላ ካንሰር መሆኑ የሚነገረው መርፌው ስላመጣው ሳይሆን ቀድሞ የነበረውን ምርመራው ስላወቀው ነው። በፍርሃት ምክንያት የሚጠፉት ወራት ግን ሊታከም የሚችለውን ሕመም ከአቅም በላይ ያደርጉታል።

በምርመራ ውጤት ላይ «ታይመስ» የሚል ቃል ቢገኝ

ውጤቱ ላይ ስሙ መጠቀሱ ብቻውን በሽታ አለ ማለት አይደለም። በሚከተሉት ሁኔታዎች ታይመስ ያለ ካንሰር ሊታይ ወይም ሊያብጥ ይችላል።

- በሕፃናትና በልጆች ላይ፣ ከላይ እንደተገለጸው፣ መታየቱ ተፈጥሯዊ ነው።
- ከከባድ ሕመም ወይም ከካንሰር መድኃኒት ሕክምና በኋላ ተሟሽሾ የነበረው ታይመስ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል።
- የታይሮይድ ሆርሞን በሚበዛበት፣ ግሬቭስ በሚባለው ሕመም ታይመስ አብሮ ሊያድግ ይችላል። በዚህ ጊዜ ታካሚው በአንገቱ እንቅርት፣ በደረቱ ደግሞ የተለቀ ታይመስ ይኖረዋል፤ የታይሮይዱ ሕመም ሲታከም ታይመሱም ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ይህን ግንኙነት ሳያጣሩ ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ አላስፈላጊ ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል በጎልማሳ ላይ ጎልቶ የሚታይና ከእነዚህ ምክንያቶች በአንዱ የማይገለጽ እድገት የስፔሻሊስት ክትትል ያስፈልገዋል። ታይሞማ መሆኑ ከተረጋገጠ ወይም በብርቱ ከተጠረጠረ ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቀድሞ የተገኘና ያልተሠራጨ ታይሞማ ሙሉ በሙሉ ሊወጣ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የማያስቴኒያ ግራቪስ ምርመራ መደረጉ ለማደንዘዣው ደኅንነት ጠቃሚ ነው። ማያስቴኒያ ያለባቸው ሰዎች አንዳንድ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ስለሚያባብሱባቸው መድኃኒት በታዘዘላቸው ቁጥር ሕመማቸውን ማሳወቅ አለባቸው።

ሊደረጉ የማይገቡ ነገሮች

እብጠትን በእሳት መተኮስ፣ በምላጭ መብጣት ወይም ማሸት ጉዳት አለው። በአንገት ውስጥ ታላላቅ የደም ሥሮችና ነርቮች ስለሚያልፉ መድማት ሊከሠት ይችላል፤ የቲቢ እብጠት ከተበጣም ለረጅም ጊዜ የማይደርቅ ቁስል ሊተው ይችላል። የተተኮሰ ቆዳም ባለሙያው እብጠቱን በትክክል እንዳይዳስስ ያደርጋል።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ገዝቶ መውሰድም አደገኛ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሊምፎማን ለጊዜው አሟሽሸው የናሙናውን ውጤት ሊያሳስቱ፣ ቲቢን ደግሞ ሊያባብሱ ይችላሉ። እብጠቱ ቀነሰ ማለት ሕመሙ ዳነ ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን ደጋግሞ መቀያየርም እንዲሁ ጊዜ ያባክናል። አንድ ጊዜ በባለሙያ ታዝዞ በአግባቡ ተወስዶ እብጠቱ ካልጠፋ፣ ቀጣዩ እርምጃ ሌላ ዓይነት መግዛት ሳይሆን ወደ ተጨማሪ ምርመራ መሄድ ነው።

የጸሎትና የጸበል ሥርዓት የሚከታተሉ ወገኖች ያንን ሳይተዉ የሕክምና ምርመራቸውን ጎን ለጎን ማካሄድና የተጀመረን መድኃኒት አለማቋረጥ ይገባቸዋል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

1. በመጀመሪያ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውን መያዝና የሪፈራል ቅደም ተከተሉን መከተል አለባቸው፤ ያለበለዚያ ወጪው በመድኅኑ ላይሸፈን ይችላል።
2. ከላይ በተዘረዘሩት ጥያቄዎች መሠረት የሕመሙን ታሪክ በአጭሩ ጽፈው ይያዙ። የወሰዱትን መድኃኒት ሳይደብቁ ይናገሩ፤ ከተቻለ ማሸጊያውን ያሳዩ።
3. የራጅ ፊልም፣ የአልትራሳውንድና የናሙና ውጤቶችን በአንድ ላይ ያስቀምጡ። ወደ ሌላ ተቋም ሲላኩ ይዘው መሄድዎ ምርመራው እንዳይደገም ይረዳል።
4. ናሙና ከሰጡ ውጤቱ መቼና ከየት እንደሚወሰድ ይጠይቁ፤ ስልክ ቁጥርዎንም ያስመዝግቡ። ያልተወሰደ ውጤት ካልተደረገ ምርመራ አይለይም።
5. «ምንም የለብዎትም» ከተባሉ በኋላ እብጠቱ ካልጠፋ፣ ካደገ ወይም አዲስ ምልክት ከታየ ተመልሰው ይምጡ። ተመልሶ መምጣት ባለሙያውን አለማመን አይደለም፤ የሕክምናው አካል ነው።
6. ወደ ሆስፒታል መሄድ ከአቅም በላይ ከሆነ ወይም የሪፈራሉ መንገድ ግልጽ ካልሆነ በቀበሌዎ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያማክሩ።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ በመሆኑ የሐኪምን ምርመራ አይተካም። በአንገትዎ ወይም በቤተሰብዎ አባል አንገት ላይ ዛሬ እብጠት ካዩ ቀኑን ይመዝግቡ። በ2 ሳምንት ውስጥ ካልጠፋ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከአደጋ ምልክቶቹ አንዱ ካለ ደግሞ አሁኑኑ ይነሡ።